መምህሩ የሚሸነፍበት ትምህርት ቤት

ከቶኪዮ በስተ ምሥራቅ፣ በቺባ ግዛት፣ ካቶሪ የሚባል ጥንታዊ መቅደስ አለ። የሚመለክበት ፉትሱኑሺ የተባለው የጎራዴ አምላክ ነው። ዛሬም ድረስ ካልጠፉት የጃፓን የውጊያ ጥበብ ትምህርት ቤቶች በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ የተወለደው በዚሁ መቅደስ ጥላ ሥር ሲሆን፣ ሙሉ ስሙ ቴንሺን ሾደን ካቶሪ ሺንቶ ሪዩ ነው። የተመሠረተው በ1447 ነው ይባላል (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

መሥራቹ ኢዛሳ ኢየናኦ በጦር ሜዳ ያረጀ ሰው ነበር። የትምህርት ቤቱ ትውፊት እንደሚለው፣ በስተርጅናው በመቅደሱ ሺህ ቀን ሱባኤ ገባ፤ አምላኩም በሕፃን አምሳል በአሮጌ የፕለም ዛፍ ላይ ተገልጦ የጥበቡን መጽሐፍ ሰጠው። ይህን ማመን አለማመን የአንባቢ ፈንታ ነው። እኔን የሚማርከኝ ሌላው ትረካ ነው። ሊገጥመው የመጣ ጎረምሳ በተገኘ ቁጥር ኢዛሳ በቀጫጭን ቀርከሃ ላይ፣ ቅጠሉ ሳይጎብጥ ተቀምጦ “እስቲ አንተም ናና ተቀመጥ” ይለው ነበር አሉ። እንግዳውም ጎራዴውን ሳይመዝ ይመለሳል።

የትምህርት ቤቱ አለቅነት ከኢዛሳ ቤተሰብ ሳይወጣ እስከ ሃያኛው ትውልድ ደርሷል። ትምህርቱን ያቆየው ግን የዘር ሐረግ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሥራ ስምንተኛው አለቃ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት፣ ማስተማሩን የቀጠሉት ከቤተሰቡ ውጭ የነበሩ አንጋፋ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ስሙን ቤተሰቡ ይጠብቃል፤ የእጁን ጥበብ ግን የሚያውቀው ሰው ያስተላልፋል።

ወደዚህ ቤት የሚገባ ሰው አስቀድሞ በጣቱ ደም ይፈርማል። የተማረውን ለወንድሙም ቢሆን እንዳያሳይ፣ ቁማር እንዳይጫወት፣ ሳይበቃም ከሌላ ትምህርት ቤት ሰው ጋር እንዳይጋጠም ይምላል። ጠላት ሰላይ በሚልክበት በቀድሞው የጃፓን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ይህ ምሥጢር ጠባቂነት የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ትምህርቱ የሚሰጠው ሁለት ሰዎች ተፋጠው በሚሠሩት ካታ፣ ማለትም አስቀድሞ በተወሰነ የልምምድ ቅደም ተከተል ነው። የሚያጠቃው አንጋፋው ነው፤ በመጨረሻ የሚሸነፈውም እሱ ነው። የጀማሪውን አቅም እያየ ልክ ሊጠቀምበት የሚችለውን ያህል ክፍተት ይሰጠዋል፤ ዛሬ ቀስ ብሎ፣ ከርሞ ደግሞ ፋታ ሳይሰጥ። ከሩቅ ለሚያይ ሁለት የእንጨት ጎራዴዎች እርስ በርስ የሚንቋቁ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ሆን ብለው ራቅ ብለው ስለሚቆሙ ነው እንጂ፣ አንድ እርምጃ ቢጠጉ ያ ምት የሚያርፈው ጥሩር በማይሸፍነው የእጅ አንጓ ወይም አንገት ላይ ነው። በአጥር ሾልኮ ያየ ሰላይ ይዞ የሚሄደው የእንጨት ድምፅ ነው። ለተመረቀ ሰው የሚሰጠው ጥቅልል ጽሑፍም ቢሰረቅ ብዙ አይጠቅምም፤ በአመዛኙ የምቶች ስም ዝርዝር ነውና።

ከ1868ቱ የሜጂ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሳሙራዮች መተዳደሪያቸውን አጡ፤ በ1876 ደግሞ በአደባባይ ጎራዴ መታጠቅ ተከለከለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ያኔ ተዘጉ። ካኖ ጂጎሮ የተባለ ወጣት ግን ከሁለት አሮጌ የጁጁትሱ ትግል ትምህርት ቤቶች የቀሰመውን አዋህዶ በ1882 ኮዶካንን፣ ማለትም የጁዶን ቤት ከፈተ። የዳን ማዕረግ፣ ማለትም የጥቁር ቀበቶ ደረጃ፣ የመጣው ከእሱ ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር ቀበቶ የሚታጠቅ ወጣት ሁሉ የካኖ ዕዳ አለበት። ካኖ በሩን ለሁሉም ከፈተ፤ ካቶሪዎች ግን በመሐላቸው ጸኑ። ጁዶ በውድድር ዓለምን አዳርሷል፤ ካቶሪ ደግሞ ትንሽ ሆኖ ቀርቷል። እንደኔ እንደኔ ግን የኢዛሳ ልጆች አልተሳሳቱም፤ ለውድድር የማይመች ነገር በውድድር አይድንም።

የቺባ ግዛት ትምህርት ቤቱን በ1960 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የአኪራ ኩሮሳዋን “ሰባቱ ሳሙራይ” ያያችሁ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ሥራ አንድ ቁራጭ አይታችኋል፤ ለ1954ቱ ፊልም ተዋንያኑን ጎራዴ ካሠለጠኑት አንዱ ሱጊኖ ዮሺዮ የካቶሪ ሰው ነበሩ። ፊልሙን ደግማችሁ ካያችሁ ጎራዴውን ተዉትና የተዋንያኑን እግር ተመልከቱ፤ ምሥጢሩ ያለው በርቀቱ ነውና።