ጾምና ኬሞቴራፒ

ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲያትል የገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ የቤት ኪራይ ሲንር ወደ ደቡብ፣ ወደ ሬንተን ወረዱ። የረቡዕና የዓርብን ጾም፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾምም ይዘው ሄዱ። ለታመመ ግን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጥንትም ርኅሩኅ ነው፤ ጾምን የሚደነግገው የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ሕመምተኛን አያስገድድም።

ሳይንስ ወደዚህ ጉዳይ የመጣው በሌላ በር ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቫልተር ሎንጎና ባልደረቦቹ፣ ከ48 እስከ 60 ሰዓት የተራቡ አይጦች ከባድ የኬሞቴራፒ መጠን እንደሚቋቋሙ አሳዩ። መላምታቸው፣ ጤናማ ሴል ምግብ ሲያጣ እድገቱን ገትቶ ራሱን ይጠብቃል፣ የካንሰር ሴል ግን መባዛቱን አይተውም የሚል ነበር።

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኔዘርላንድ ጥናት 131 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ይዞ፣ በኬሞው ሰሞን ለጥቂት ቀናት የሚወሰድ ካሎሪው ያነሰ፣ ጾምን የሚመስል የዕፅዋት ምግብ ሞከረ። የመድኃኒቱ ጉዳት ይህን ምግብ በወሰዱትና እንደ ወትሮው በበሉት መካከል አልተለያየም፤ ዕጢው ሲቀንስ በምስል የታየው ግን በጾመኞቹ ላይ በብዛት ነው። አመጋገቡን እስከ መጨረሻው የዘለቁት ጥቂቶች ናቸው።

ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ የሕክምና ትእዛዝ ለመሆን ግን ገና ነው። ደግሞም አመጋገቡ ከእኛ ጾም ጋር አንድ አይደለም፦ በዘይት የተሠራ ሽሮ በእንጀራ ሙሉ ማዕድ ነው። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ከሐኪሟ ሳትመክር ብትራብ ክብደቷ ሊቀንስ፣ አቅሟም ሊዳከም ይችላል።