የመኪና የውሃ ፓምፕ ሲፈታ፦ መልሶ መግጠም የሚቻለው መቼ ነው?

የውሃ ፓምፕ፣ በጋራዥ ዕብራይስጥ «ማሽኤቫት ማይም»፣ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የሚያዞር ዕቃ ነው። እሱ ከቆመ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በበጋ ከሻዓር ሃጋይ ወደ ኢየሩሳሌም በሚወጣው ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በጣም የጋለ ሞተር ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል።

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ፓምፑ ተበላሽቶ ሳይሆን ሌላ ሥራ ሲሠራ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ፣ «ሬትሱዓት ቲዝሙን» የሚባለው ነው። ቺንጋው ሊቀየር ሲከፈት መካኒኩ ፓምፑም አብሮ ይቀየር ይላል፤ ባለመኪናው ደግሞ ትርፍ ገንዘብ ሊያስወጡኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል። የተፈታውን ዕቃ አይቶ መፍረድ ይቻላል።

መጀመሪያ የምትታየው በፓምፑ አካል ላይ፣ ከዘንጉ በታች ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። ብሎን የጎደለባት ትመስላለች፤ ግን ሆን ተብላ የተሠራች ናት። ውሃ የሚያግደው ማሸጊያ ሲደክም የሚያልፈው ፈሳሽ ኩሽኔታው ውስጥ ሳይገባ በእሷ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ፓምፑ ሲያንጠባጥብ ቀዳዳዋን በሲሊኮን መድፈን ውሃውን ወደ ኩሽኔታው መላክ ነው። በዙሪያዋ ስስ የደረቀ እድፍ ብቻ ቢኖር አያስደነግጥም። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ከተጋገረ፣ ወደ ታች የወረደ መስመር ካለ፣ ወይም ቦታው እርጥብ ከሆነ ግን ማሸጊያው አልቋል። ይህ መታየት ያለበት ፓምፑ ሳይታጠብ ነው፤ ታጥቦ የቀረበ ፓምፕ ምስክሩ ጠፍቷል።

ቀጥሎ ኩሽኔታው ይፈተሻል። ፑሊውን በእጅ ይዞ ወደ ጎንና ወደ ላይና ታች መነቅነቅ ነው። ጥርስ የሚነቀንቁ ያህል እንኳ እጅ ላይ የሚሰማ ልቅነት ካለ ፓምፑ አይመለስም። ከዚያ ቀስ ብሎ ማዞር። ትንሽ መክበዱ ከማሸጊያው የመጣ ስለሆነ ችግር የለውም፤ አሸዋ የገባበት ይመስል መሻከር፣ ቦታ ቦታ መያዝ ወይም መንጫጫት ግን የኩሽኔታ ማርጀት ነው።

ውሃውን የሚገፉት ክንፎችም ይታያሉ። የብረት ከሆኑ በዝገት ይበላሉ፤ በተለይ ትክክለኛው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቀርቶ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጨመርበት የኖረ መኪና ላይ። ፕላስቲክ ከሆኑ ይሰነጠቃሉ፤ ዘንጉ ላይ ላልተው በባዶ የሚዞሩም አሉ። ፑሊውን በአንድ እጅ አጥብቆ ይዞ ክንፉን በሌላው ለማዞር መሞከር ይህን ያሳያል። ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው ፊት ጎድጉዶ ወይም ተቧጭሮ እንደሆነም ማየት ነው። ጓርኒሲዮኑ ግን ምንም ጊዜ ድጋሚ አይገጠምም።

ፓምፑ ሁሉንም ቢያልፍስ? በውጭ ቺንጋ የሚዞርና በቀላሉ የሚፈታ ከሆነ መልሶ መግጠም ይቻላል። በታይሚንግ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ፍርዱ ይጠብቃል፤ ፓምፑ ቺንጋው እንደገና እስኪቀየር፣ ምናልባት 100 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ መቆየት አለበትና። ኩሽኔታው መሀል መንገድ ላይ ቢነክስ ቺንጋው ይዘላል ወይም ይበጠሳል፤ በብዙ ሞተሮችም ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። አንድ የቺንጋ ዕድሜ ያገለገለ ፓምፕ ደህና ቢመስልም ቢቀየር ይሻላል፤ ዋናው ወጪ የመክፈቻው የእጅ ዋጋ ነው፣ እሱም አንዴ ተከፍሏል። በቅርብ ጊዜ የተቀየረና ፈተናውን ያለፈ ፓምፕ ግን ይቀየር ሲባል ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። በአንዳንድ ሃይብሪድ መኪኖች ላይ ፓምፑ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ፑሊ የሌለው ስለሆነ በእጅ የመነቅነቁ ፈተና አይሠራም።

አሮጌውን ዕቃ ለማየት ሥራው ሳይጀመር መናገር ያስፈልጋል፦ «አል ቲዝሮክ ኤት ሃሔሌክ ሃያሻን፣ አኒ ሮጼ ሊርኦት»፤ ሴት ከሆነች «ሮጻ» ትላለች። አሮጌውን ዕቃ አትጣለው፣ ማየት እፈልጋለሁ ማለት ነው።

ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ በቧንቧዎቹ ውስጥ የቀረው አየር ይወጣል፣ ፈሳሹም ይጎድል ይሆናል። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መጠኑ ይታያል። ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል።