«ማን አረደው?»

ጅማ ላይ ሥጋ ከመግዛት በፊት፣ ዋጋ እንኳ ከመጠየቅ በፊት፣ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ «ማን አረደው?» ይባላል። ይህን የሃይማኖት ጥያቄ ብቻ ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሂርማታ ገበያ የአገሬውን ሰውና ከሩቅ የመጣውን ነጋዴ፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ሲያገናኝ ኖሯል። ከአንድ ጀበና ቡና የሚጠጣው ጎረቤት ሥጋ ላይ ሲደርስ ለየብቻው ያርዳል፤ ለየብቻው በማረዱም አልተጣላም። ለምን ቢሉ፣ ጥያቄው መልስ አለው። መልሱ የታወቀ ሰው ስም ነው። «እገሌ ነው ያረደው» ከተባለ ነገሩ አለቀ።

የቀረውን ዓይን ይጨርሰዋል። ዶሮ የሚገዛ ሰው ከነነፍሷ ያነሣታል፣ ደረቷን ይዳብሳል፣ ዓይኗን ያያል። ቅርጫ የሚገባውም በሬውን አስኪዶ አረማመዱን ይመረምራል። ከዴዶና ከሰቃ ተነድቶ ጅማ የሚገባው ከብት፣ ከጎማ ገጠር ተንጠልጥላ አጋሮ የምትወርደው ዶሮ፣ ሁሉም የሚሸጡት በስምና በዓይን ነው። የቄራው ማኅተም በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ታዲያ ስምም ዓይንም የማይመልሱት ጥያቄ ሲመጣስ?

አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ባሉት ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። በ1880 ዓ.ም ግድም፣ ለጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጀው። በሽታው ሰውን አይዝም። ሕዝቡም ሥጋ አልፈራም፤ የጠፋው ራሱ ሥጋው፣ ራሱ የእርሻው በሬ ነው። ከብቱ በደጁ ሲወድቅ ስላየ ማንም እንዲነግረው አላስፈለገውም። ዓለም ያን በሽታ ከምድር አጠፋሁ ብሎ ያወጀው በ2003 ዓ.ም ነው።

በ1998 ዓ.ም የመጣው ግን ሌላ ዓይነት ነበር። የካቲት ላይ «የወፍ ጉንፋን» ናይጄሪያ ገባ ተባለ፤ ወዲያው ግብፅ ተባለ። በዚያው ሰሞን ከወልቂጤ አለፍ ብላ ባለችው ጉብሬ፣ በዶሮ ማራቢያው ጣቢያ ዶሮዎች በብዛት አለቁ። ወልቂጤ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ላይ ናት። አውቶቡሱ ሰው ብቻ አይጭንም፤ ወሬም ይጭናል። ናሙናው ተመርምሮ የተፈራው ኤች ፋይቭ ኤን ዋን የለም ተባለ። ገበያው ግን ውጤት አልጠበቀም። በአገሪቱ ብዙ ቦታ ዶሮና እንቁላል ፈላጊ አጡ፣ ዋጋቸውም ወደቀ። ሑዳዴ የካቲት 20 ስለገባ በጾም ያመካኘም ነበር፤ ነገር ግን ጅማና አካባቢዋ ላይ ብዙው ገዢ ሑዳዴን አይጾምም።

በዚያ ሰሞን አጋሮ ገበያ እንቁላል ይዘው የተቀመጡ አንዲት እናት አግኝቼ ነበር። «እማማ፣ ዶሮዎችዎ ደህና ናቸው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ከእኔ ጋር እኮ ነው የሚያድሩት! እነሱ ቢታመሙ እኔስ እዚህ እገኝ ነበር?» አሉኝ። ሳይንሱ ይህን ማስረጃ አይለው ይሆናል። በስምና በዓይን ለኖረ ገበያ ግን ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም፤ ራሳቸውን ነው ያስያዙት። እንቁላሉ ግን አልተነካም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በቡና አገር ጥሬ ብር የሚታየው በለቀማው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ያም ብር ብዙ ጊዜ የሚገባው በአባወራው እጅ ነው። የካቲትና መጋቢት ሲመጣ ኪሱ ይሳሳል። ያን ጊዜ ጨውና ሳሙና፣ የልጅ ደብተርም ጭምር የሚገዛው በእንቁላል ነው። የእንቁላል ብር ደግሞ የሴቷ ነው። ወሬው ያረፈው በትክክል እዚያ ላይ ነው።

ከ14 ዓመት በኋላ ኮቪድ መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። የበሽታው ወሬ ከውሃን የእንስሳት ገበያ ታሪክ ጋር ስለደረሰን ጥርጣሬው ወደ ሥጋ ቢዞር አይገርምም። የዓለም የጤና ድርጅት «ሥጋና እንቁላል አብስላችሁ ብሉ» ያለው ምክር በአንዳንዱ ጆሮ «ሥጋ ያስይዛል» ሆኖ ገባ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፤ ሮመዳን ሚያዝያ 16 ገባ። ቁርጥ ወዳዱ ቁርጡን እየፈራ፣ ከብት ተራ ላይ ግን ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ በሬ ይመርጥ ነበር። በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ በምግብ መተላለፉ አልተረጋገጠም። አደጋው በሬው ላይ ሳይሆን በሬውን በከበብነው በእኛ መካከል ነበር።

የሚገርመው ግን ጥሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያመጣ የማያውቅ ማን አለ? እያወቅን እንቆርጣለን። አባ ሰንጋ እንደሚገድል እየታወቀም የሞተ ከብት ሥጋ በርካሽ ሲገኝ የሚገዛ አይጠፋም። ስሙን የምናውቀውን አደጋ ለምደነዋል፤ ስሙን የማናውቀውን እንሸሻለን።

«ሕዝቡ አላዋቂ ስለሆነ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ እንዲያ አልልም። «ማን አረደው?» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ መጠየቅ ያውቃል። ያጣው መላሽ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ በ2012 ዓ.ም የኮቪድ ናሙናም ይመረምር ነበር። ስለዚህ አዋቂ ጠፋ አይባልም። የሚያስፈልገው በገበያ ቀን፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ሰው በስሙ የሚያውቀው የእንስሳት ሐኪም ቆሞ «እኔ አይቻለሁ፤ ነገሩ ይህ ነው» እንዲል ነው። «ገና አልታወቀም፤ በዚህ ቀን መጥቼ እነግራችኋለሁ» ቢልም ይበቃል። እሱ ዝም ካለ ወሬ ይመልሳል። የወሬን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ወሬውን ያወራው ሰው አይደለም፤ እንቁላል ይዘው የዋሉት እናት ናቸው።