ስንት ክሬዲት ቀረህ?

በ1982 ቺካጎ ውስጥ በአንዲት የግል ትምህርት ቤት፣ ከአንደኛ ደረጃ ልጆች ጋር አንድ ጎልማሳ ገብቶ መማር ጀመረ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ስሙ ኬቪን ሮስ ይባላል። የትምህርት ዕድል ያላገኘ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ኦማሃ ከተማ ካለው ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ቆይቶ ነው የመጣው። እዚያ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። ከግቢው ሲወጣ የቋንቋ ችሎታው የአራተኛ ክፍል፣ ንባቡ ደግሞ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያህል እንደነበር በኋላ ባቀረበው ክስ ላይ ተዘርዝሯል። ከወሰዳቸው ኮርሶች አንዱ የዒላማ ተኩስ፣ ሌላው የቅርጫት ኳስ ንድፈ ሐሳብ ነበር። አማካይ ውጤቱ ዲ። ለድግሪ ከሚያስፈልጉት 128 ክሬዲቶች ግን 96ቱን ይዟል።

ይህችን 96 ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ነገሩ ከሥሩ ግራ ሊያጋባ ይችላል። እኛ ዘንድ ሯጭ የሚያድገው በክለብ ነው፤ መከላከያ፣ ኦሜድላ ወይም ንግድ ባንክ ይገባል፣ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ይሮጣል። ዲፓርትመንትህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን፣ በተለይ በቅርጫት ኳስና እነሱ «ፉትቦል» በሚሉት ጨዋታ፣ ወደ ትልቁ ሊግ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። በግቢው ቡድን የሚሰለፍ ሰው ተማሪ መሆን አለበት። ስለዚህ «ይህ ልጅ በእርግጥ ተማሪ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲንከባለል ኖረ። በየዘመኑ የተሰጠው መልስ ቁጥር ነው።

ገንዘቡ ከጥያቄው በፊት የነበረ ነው። ሃርቫርድና ዬል በ1852 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ዊኒፔሳኪ ሐይቅ ላይ በጀልባ ቀዘፋ ሲወዳደሩ ወጪያቸውን የቻለው አንድ የባቡር ኩባንያ ነበር፤ ወደ ሐይቁ የሚሄድ መንገደኛ ፈልጎ። በመላው አገሪቱ የመጀመሪያው የኮሌጆች የስፖርት ግጥሚያ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። በ1905 ደግሞ በፉትቦል ሜዳ የሚሞተው ወጣት በመብዛቱ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ቤተ መንግሥት ጠርተው አነጋገሩ። በዓመቱ ኮሌጆቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከ1910 ጀምሮ ኤንሲኤኤ የሚባለው እሱ ነው። የተወለደው አጥንት እንዳይሰበር ነበር፤ ውሎ አድሮ የትራንስክሪፕት ጠባቂም ሆነ። በ1929 የካርኔጊ ፋውንዴሽን ከመቶ በላይ ኮሌጆችን ፈትሾ አብዛኞቹ ተጫዋች በገንዘብ እንደሚያባብሉ ቢያጋልጥም፣ ሪፖርቱ በወጣበት ወር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተንኮታኮተና አገሩ ሌላ ራስ ምታት መጣበት።

ትልቁ ማጠፊያ 1950ዎቹ ናቸው። ሬይ ዴኒሰን የተባለ ተጫዋች ለኮሎራዶው ፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ሲሰለፍ ጭንቅላቱን ተመትቶ በ1955 ሞተ። ሚስቱ ባሌ ሥራ ላይ እያለ ነው የሞተው፣ የሠራተኛ ካሳ ይገባኛል ብላ ከሰሰች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 አይገባሽም አላት፤ ኮሌጁ በፉትቦል የሚነግድ ድርጅት አይደለም በማለት። እንዲህ ያለው ክስ ሲመጣ «ተማሪ-አትሌት» የሚለው ስያሜ ተፈጠረ። የፈጠራ ወሬ አይደለም፤ ማኅበሩን ከ1951 እስከ 1987 የመሩት ዋልተር ባየርስ ራሳቸው በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ስያሜው ተጫዋቾችን ሠራተኛ ከሚያሰኝ ሕግ መከላከያ እንደነበር ተናዘዋል። እንግዲህ ተማሪ ናቸው ከተባለ ተማሪነታቸውን ማሳየት የግድ ሆነ። ክሬዲት መቁጠሩ ከዚህ ዕዳ የመጣ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የተቆጠረው መግቢያ በሩ ላይ ነበር። በ1965 የወጣው ደንብ፣ ኮሌጅ ገብቶ ቢያንስ 1.600 አማካይ ውጤት ያመጣል ተብሎ ያልተገመተ ልጅ ስኮላርሺፕ እንዳያገኝ ከለከለ። 2.00 ላይ አንገቱ ሲታነቅ ለኖረ የእኛ አገር የካምፓስ ተማሪ 1.600 ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እሱም ቢሆን በ1973 ተነሣ። በዚያው ዓመት ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ ሆነ፤ አሠልጣኙ ካልወደደህ የሚቀጥለው ዓመት የለህም ማለት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ የእኛ ወላጆች «ልጄ ስኮላርሺፕ አገኘ» ብለው ቡና ከማፍላታቸው በፊት ወረቀቱ ለስንት ዓመት እንደሚል ቢያነቡ አይከፋም። ከ1986 ጀምሮ «ፕሮፖዚሽን 48» በሩን እንደገና አጠበበው፦ በሁለተኛ ደረጃ ዋና ዋና ትምህርቶች 2.00፣ ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 700። ፈተናው ጥቁር ልጆችን ለይቶ ይመታል የሚለው ክርክር ጦፈ። ደንቡ የበለጠ እንዲጠብቅ ሲወሰን የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን፣ ያ ነጭ ፎጣ ከትከሻው የማይለየው ሰው፣ በጥር 1989 ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሜዳውን ጥሎ ወጣ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ማኅበሩም ትንሽ ላላ።

በዚያው ዓመት የዋሽንግተኑ ፉትቦል ተጫዋች ዴክስተር ማንሊ ሴኔት ፊት ቀርቦ፣ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲማር ማንበብ እንደማይችል እያለቀሰ ተናገረ። ሮስም ክሬይተንን ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1992 የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል፦ ትምህርቱ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ ብለን መመዘን አንችልም፤ ዩኒቨርሲቲው ጭራሽ የመማሩን ዕድል ነፍጎት ከሆነ ግን ውል አፍርሷልና ያንን ማየት እንችላለን። ጥራቱን መስፈር አይቻልም፣ መኖር አለመኖሩን እንጂ። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

ሴናተር ቢል ብራድሊ፣ እሳቸውም የፕሪንስተንና የኒው ዮርክ ኒክስ ተጫዋች የነበሩ፣ በ1990 ባስወጡት ሕግ ኮሌጆች ከአትሌቶቻቸው ስንቱ በስድስት ዓመት ውስጥ እንደተመረቀ ለሕዝብ መግለጥ ግዴታቸው ሆነ። ከሌላ ኮሌጅ የተመረቀ ልጅ በዚህ ቆጠራ እንደወደቀ ይያዛል። ኤንሲኤኤ ይህ አላስደሰተውም፤ ውጤቱ ሳይበላሽ የተዛወረውን የማይቀጣ የራሱን ስሌት አወጣ። የማኅበሩ አሐዝ አብዛኛውን ጊዜ ከመንግሥቱ ከፍ የሚለው በዚህ ነው።

በዚሁ መሐል ቆጠራው ከበሩ ወደ ግቢው ውስጥ ገባ። ሁለተኛ ዓመቱን የጨረሰ አትሌት የድግሪውን 25 በመቶ፣ ሦስተኛውን የጨረሰ 50፣ አራተኛውን የጨረሰ 75 በመቶ ማገባደድ አለበት ተባለ። አሁን ወደ ሮስ እንመለስ። ከ128 ላይ 96 ስንት ነው? ልክ 75 በመቶ። ዲ የሞላበት አማካዩና የዒላማ ተኩሱ ሌላ ቦታ ይጥሉት ነበር፤ በክሬዲት ብዛት ብቻ ቢሆን ግን ሮስ ደንቡን ሳያጓድል ሞልቷል። በ2003 ልኩ ወደ 40፣ 60 እና 80 ከፍ አለ። ድግሪው 120 ክሬዲት ቢሆን 48፣ 72፣ 96 ማለት ነው። አዎ፣ 96።

ደንቡ ጥቅም አልሰጠም አልልም። ዝም ብሎ ክሬዲት ማጠራቀም ቀርቶ በአንድ ሜጀር ላይ ወደፊት መሄድ ግድ ሆኗል፤ ብዙ ልጅም ተመርቆበታል። ግን እስቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለውን ልጅ አስቡት። ኢንጂነሪንግ ሊሞክር ፈልጎ ካልኩለስ ወሰደ፣ ላብ ወሰደ፤ አልሆነለትም ወይም ልቡ ወደ ታሪክ አዘነበለ። ሌላው ተማሪ ዲፓርትመንት ቀይሮ አንድ ሲሜስተር ይጨምራል፣ ይኸው ነው። አትሌቱ ግን ሲቀይር የኢንጂነሪንግ ኮርሶቹ ለአዲሱ ድግሪ አይቆጠሩም፤ 40 የነበረው 28 ይሆንና ከቡድኑ ይወጣል። ስለዚህ ወይ አይሞክርም፣ ወይ ክሬዲቱን ሁሉ የሚቀበለውን ዲፓርትመንት ይፈልጋል። ቡድኑ በሙሉ አንድ ዲፓርትመንት ውስጥ ታጭቆ የሚገኘው በዚህ ነው። ሰዓትም አለ። የኖርዝዌስተርኑ ኬይን ኮልተር ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበረው፤ የኬሚስትሪው ኮርስ ከልምምድ ጋር ተጋጨበትና ወደ ሳይኮሎጂ ዞረ። ይህን በ2014 ቃለ መሐላ ፈጽሞ የተናገረው፣ ተጫዋቾቹ እኛ ሠራተኞች ነን ብለው የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም በተነሡበት ችሎት ላይ ነው። የዴኒሰን ሚስት ክስ ከስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ በሌላ በር ተመለሰ።

ቁጥር ሲጠብቅ ቁጥር የሚያመርትም ይገኛል። በ2014 በወጣው ምርመራ፣ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፔል ሂል ግቢው ለ18 ዓመት ያህል መምህር የማይገባባቸው ክፍሎች እንደነበሩ ተረጋገጠ፤ አንድ ጽሑፍ ታስገባለህ፣ ደህና ግሬድ ትቀበላለህ። ከ3,100 በላይ ተማሪ አልፎባቸዋል፤ ግማሽ የሚጠጉት አትሌቶች ናቸው። ኤንሲኤኤ በ2017 ልቀጣ አልችልም አለ፤ ክፍሎቹ ለሌላውም ተማሪ ክፍት ስለነበሩ ለአትሌት የተለየ ጥቅም አልተሰጠም ብሎ። በ2013 ደግሞ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫ ያነሣውን የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ማኅበሩ ለየቡድኑ የሚሰፍረው የትምህርት ነጥብ አልሞላም ብሎ ከብሔራዊው ውድድር አግዶታል። ነጥብ ያጎደለ ተቀጣ፣ ነጥቡን በሐሰተኛ ክፍል የሞላ አልተቀጣም።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ቀሪውን አጥር ጠራርገውታል። ከሐምሌ 2021 ወዲህ ተጫዋች በስሙና በምስሉ መነገድ ይችላል። በ2024 የፈለገውን ያህል ጊዜ እንዲዛወር ተፈቀደለት፤ የትምህርት መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ። በ2025 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲከፍሉት በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት መጣ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለዝውውሩ የቀረው ትልቅ በር ክሬዲቱ ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሌላውን ኮርስ የሚቀበለው በራሱ መለኪያ ነው። በሦስት ዓመት ሦስት ግቢ የረገጠ ልጅ አድቫይዘሩ ፊት ይቀመጣል፤ ሦስቱ ትራንስክሪፕቶች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። አድቫይዘሩ በእርሳስ ይሰርዛል፤ ይሄ ይያዝልሃል፣ ይሄ እንደ ምርጫ ብቻ፣ ይሄ አይያዝም። ልጁ ሰዓቱን ያያል፤ ልምምድ በዘጠኝ ነው። «ሜጀሬ ምን ቢሆን ነው የምሰለፈው?» ብሎ ይጠይቃል።