ከመስቀል ክብራ እስከ እኛ ቤት ጋን

ከፈተና እርማት መሀል ሰዓት ሰርቄ የጻፍኩት ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

ባለፈው ዓመት ገና ሲደርስ ባለቤቴ አራስ ነበረች። ልጃችን የተወለደው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። እኔም ጀግና ልሁን ብዬ «ጠላውን ለኔ ተዪው፣ እጠምቃለሁ» አልኳት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ገናን ስበላ ኖሬ፣ ገና ወደ ቤታችን በየት በኩል እንደሚገባ እንደማላውቅ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ብቅሉን ከገበያ ገዛሁ። ጌሾውን ዘፈዘፍኩ። ቂጣውን ጎረቤታችን ጋገረችልኝ። ድፍድፉን ግን ጋኑን በውኃ ለቅለቅ አድርጌ ገለበጥኩበት። ጋን በግራዋ ታሽቶ እንደሚታጠብ፣ በወይራ ጭስ እንደሚታጠን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የበዓሉ ዕለት አማቴ አንድ ጉንጭ ቀመሱና ብርጭቆውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄማ ሆምጣጤ ነው» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም፤ ጌሾውም ብቅሉም በብድር የተገዛ ስለነበር።

ዘንድሮ ሁለታችን ተከፋፍለን ነው የያዝነው። ጾሙ ከገባበት ከኅዳር 15 ጀምሮ እሷ በአንድ የተማሪ ደብተር እየጻፈች፣ እኔ እየተላክሁ። ደብተሩን ሳገላብጥ የታሪክ መምህርነቴ ተነሣብኝ። እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ግብር ስናስተምር ንጉሡ ስንት በሬ እንዳረደ እንናገራለን። ጠላውን ማን ጠነሰሰው፣ ቅቤውን ማን አነጠረው፣ ስንት ሳምንት ፈጀ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

በነገራችን ላይ ተማሪዎቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። «ቲቸር፣ ፈረንጆቹ ገናን ለምን ቀደሙን?» እንደ እውነቱ ቀናቸውን የቀየሩት እነሱ ናቸው። የእኛ ታኅሣሥ 29 በድሮው የጁልያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 የሚሉት ቀን ነው። እነሱ በ1582 እ.ኤ.አ. በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲያስተካክሉ ልዩነቱ ተፈጠረ፤ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ከ2100 እ.ኤ.አ. በኋላ የእኛ ገና በእነሱ ጥር 8 ይውላል፤ የልጅ ልጆቻችን ያዩታል። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ገና ታኅሣሥ 28 ነው። ይቺን የማያውቅ ባል በግ የሚገዛው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ ልዩነት በእኛው ዳንግላ የታየበት ዘመን ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ዳንግላ ላይ ቆንስላ ነበራቸው። ቆንስሉ ሮበርት ቺስማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን ዞሮ ያጠና፣ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ያሳተመ ሰው ነው። በእሱ ቀን መቁጠሪያ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። ያን ዕለት የዳንግላ ሰው ገና ጾም ላይ ነው፤ ሴቱ ጌሾ እየወቀጠች ነው። በአንድ ከተማ ሁለት ገና፣ በመሀሉ 13 ቀን።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እኛ አዊዎች ከገና ጋር ያለን ዝምድና ከዚህ የጠለቀ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሰባት ቤት አገው ሲሉ የሰባቱ ወንድማማቾች መነሻ ላስታ ነው ይላሉ፤ ባንጃም፣ አንከሻም፣ ኳኩራም ከዚያ የተቆጠሩ ናቸው። ላስታ ደግሞ የዛጉዌ ነገሥታት አገር ነው፤ የአገው ነገሥታት። ከእነሱ የታወቀው ቅዱስ ላሊበላ በትውፊት የተወለደው ታኅሣሥ 29 ነው። ስለዚህ ነው ገና በላሊበላ እጥፍ በዓል የሚሆነው፤ የጌታም የንጉሡም ልደት። ካህናቱ በቤተ ማርያም ቅጥር ገሚሱ ከላይ ገሚሱ ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉ ሲያዜሙ ያየ አይረሳውም። ላዮቹ መላእክት፣ ታቾቹ እረኞች ናቸው።

ሁላችንም የምናውቀው ንጉሡን ነው። ሚስቱን መስቀል ክብራን ስንቶቻችን እናውቃታለን? ቤተ አባ ሊባኖስን ባሏን ለማሰብ በአንድ ሌሊት፣ በመላእክት እርዳታ ያስፈለፈለችው እሷ ናት ይባላል። ስለ እሷ ከሚነገረው እኔ የምወደው ግን የላሟን ታሪክ ነው። ትውፊቱ እንዲህ ይላል፦ መስቀል ክብራ ባሏን መክራ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ አስለቀቀችው። 18 ወር አለፈ። አንድ ቀን የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድሀ ገበሬ አንዲት ላሙን ለንጉሡ ማዕድ ሊያርዷት ነድተው ወሰዱ። ይህን ስትሰማ መስቀል ክብራ ባሏን «ተነሥ፣ ዙፋንህን መልስ» አለችው። ተመለሰም።

ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ይህን ታሪክ በጥርጣሬ ነው ያዩት። ከጀርባው የዙፋን ሽኩቻ ሊኖር ይችላል ባይ ናቸው። ክፍል ውስጥ እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የማስተምረው፤ ገድልና ትውፊት ዝም ብሎ አይዋጥም። ባለፈው እሑድ ለባለቤቴ ሳወራላት ግን ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «አንዲት ላም ምን ማለት እንደሆነች የምታውቀው ጓዳ ያለችዋ ናት» አለችኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ታሪኩ ቢሆንም ባይሆንም፣ ያወሩት ሰዎች የንጉሥ ማዕድ ከየት እንደሚሞላ ያውቁ ነበር።

ከየት እንደሚሞላ ደግሞ የተጻፈ ምስክር አለን። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. (በእነሱ 1770) የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ድረስ መጥቶ አገዎችን አይቷል። ከጻፈው ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ምንጩን ነው። እኔን የገረመኝ ስለ ገበያ የጻፈው ነው። አገዎች ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ በየተራ ወደ ጎንደር ይወርዳሉ፤ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳ፣ ሰም ይዘው። ቅቤው በረጅሙ መንገድ እንዳይቀልጥና እንዳይበላሽ የመቅመቆ ሥር ይቀላቅሉበታል ይላል። መቅመቆ! አያቴ ቅቤ ስታነጥር እጇን ቢጫ ያደርገው የነበረው ያ ሥር። እሷ ብሩስን አላነበበችም፤ ብሩስ ግን የእሷን ቅድመ አያቶች ጓዳ አይቷል። የጎንደር ቤተ መንግሥት በበዓል ሲያበራ ከሚበላው ቅቤና ማር የእኛ አገር ድርሻ ቀላል አልነበረም ማለት ነው። ያን ቅቤ የናጠችው ሴት ስም ግን የትም የለም።

አያቴ ለገና መዘጋጀት የምትጀምረው ጤፉ ሲታጨድ ነው። ብቅሉን ኅዳር መጨረሻ ላይ ራሷ ታበቅለዋለች፤ ገብሱ ይነከራል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከዚያ ጥንስስ፣ ከዚያ ድፍድፍ። አያቴ ባሏን በዚህ ሁሉ አታማክረውም። የእሱ ሥራ እንጨት መፍለጥ፣ በጉን መምረጥና ለገና ጨዋታ ዱላ ቆልመም ያለ እንጨት ፈልጎ ለልጆች መቁረጥ ነበር። በገና ሜዳ ሩር ሲመታ ጌታም ሎሌም እኩል ነው፣ የተመታ አይቆጣም ሲባል ሰምታችኋል። አያቴ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር። ሜዳው ላይ እኩል የሆኑት ወንዶች ሲመለሱ የሚጠጡት ጠላ ሦስት ሳምንት የፈጀባት ነውና።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ይሄ የኛ የአዊ ብቻ ነው። ሌላው አገር ከገና በኋላ ለጥምቀት ይዘጋጃል፣ አበቃ። እኛ ጋ ጥር 23 አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዓድዋ የዘመቱትንና በአምስቱ ዓመት ጠላትን የተጋፈጡትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን የምናስብበት ቀን ነው። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 23 የቀረው 24 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ ፈረስ ያለው ቤት የገናን በግ ሲገዛ የፈረሱን ገብስም ይቆጥራል፤ ኮርቻው ይታደሳል፣ ጌጡ ይወለወላል። ሰውዬው ፈረሱ ላይ ሲወጣ አገር ያጨበጭባል። ያ ቤት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ድግስ አለበት። ገንዘብ ያዡን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ሚስትየዋ ናት።

እኛ ፈረስ የለንም፤ ደመወዝ ነው ያለን። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አላብራራም።

የእኛን የዘንድሮ ዝግጅት ላውራችሁ። ኅዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ልጁን ለጎረቤት ሰጥተን፣ ዘንገና ሐይቅ ሄድን። ከተጋባን ወዲህ እንደ ሽርሽር ስንወጣ ሦስተኛችን መሆኑ ነው። ቅቅል ድንች በአዋዜ ይዘን፤ ጾም ነዋ። ዳር ላይ ተቀምጠን ደብተሩን አወጣችው። እኔ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ላስረዳት ስል (በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው) እሷ «ቅርጫው ይቅር» አለች። ቅርጫ ይቅር! ሰፈሩ ምን ይላል አልኳት። ባለፈው ዓመት በሬው ላይ አንድ ሙሉ መደብ ወስደን ዕዳውን እስከ ፋሲካ ነው የከፈልነው። ተከራከርን። በመጨረሻ ግማሽ መደብ ከጎረቤት ጋር እንድንካፈል፣ የቀረው ብር ለልጁ ጫማና ለዶሮዋ እንዲሆን ተስማማን። ሐይቁን በደንብ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጉዟችን ዳንግላ ነው፣ አማቴ ቤት። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን። ያለፉትን ዓመታት እዚህ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንጅባራና ዳንግላ መሀል ያለችው አጭር መንገድ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ትርቃለች። ገበያውን አብረን ዞርን፤ ጌሾ በእጅ እየታሸ፣ ቅቤ በጥፍር እየተቀመሰ። የሚገርመው ባልና ሚስት ሆነው አብረው የሚገበዩ ወጣቶች በርክተዋል። በኔ ልጅነት ወንድ የጌሾ ተራ ከቆመ ይሳቅበት ነበር። አንዷ ነጋዴ ቅቤዋን ስንቀምስ «እናንተ አዲስ ተጋቢ ናችሁ?» አለችን። ባለቤቴ «አይደለንም፣ ባለፈው ዓመት ጠላ አበላሽቶ ነው» ብላ አዋረደችኝ። ሴትዮዋ ሳቀችና ከዋጋው ቀነሰችልን።

ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ በከተማ የገና ዛፍና መብራት የሚሸጡት ሱቆች ከኅዳር ጀምረው ሲያበሩ ጎናቸው ጌሾ ተራው ምንም ጌጥ የለውም። ሰልፉ ያለው ግን ጌሾው ጋ ነው። ዛፉን አልቃወምም፣ ልጆች ይወዱታል። የእኛም ልጅ ካደገ ሳይለምነኝ አይቀርም።

አማቴ ቤት ማታ ስለ መስቀል ክብራ ድጋሚ አወራሁ፤ ስለ ላሟ። አማቴ ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ላሟን ለገበሬው መለሱለት ወይስ ታረደች?» ብለው ጠየቁኝ። አሥር ዓመት ታሪክ አስተምሬ ይህን ጥያቄ አስቤው አላውቅም። መልስ አልነበረኝም።

ሲሸኙን አንድ ትልቅ ጋን ሰጡን። የሚኒባሱ ረዳት የሰው ሒሳብ ካልከፈላችሁ ብሎ ሲጨቃጨቅ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ጌሾውን ጠንስሳ ሌላ ገንቦ ውስጥ ከድናዋለች። ጋኑ በግራዋ ሁለቴ ታጥቦ ደጅ ላይ ተደፍቷል። ወይራውን ትናንት ፈልጬ አድርቄዋለሁ። ማታ የማጥነው እኔ ነኝ፤ እሷ በር ላይ ቆማ ታያለች።