የከተማ ኳስ ሜዳ (ዋግ ኽምራና አማራ ክልል)

የከተማ ኳስ ሜዳ የአንድ ከተማ ወይም ወረዳ ነዋሪ በእግሩ ደርሶ ጨዋታ የሚያይበትና ራሱም የሚጫወትበት ክፍት ቦታ ነው። በሜዳው የሚጫወቱት አብዛኛውን ጊዜ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉ ክለቦች፣ የትምህርት ቤት ቡድኖችና የሰፈር ቡድኖች ናቸው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ሜዳ ከእግር ኳስ በተጨማሪ ለበዓል፣ ለስብሰባና ለሩጫ ያገለግላል። በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ዞንና በአጎራባች አካባቢዎች ሜዳው ሰውን የሚያሰባስበው ቅርብ በመሆኑና የሁሉም በመሆኑ ነው። ትልልቆቹ ጨዋታዎች ወደ ጥቂት ከተሞች በተሰበሰቡባቸው ያለፉት ዓመታት ይህ ጠቀሜታው ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል።

ስያሜ

«ሜዳ» ማለት ለጥ ያለ ቦታ ሲሆን፣ በዘመናዊ አነጋገር የስፖርት መጫወቻንም ያመለክታል። «ኳስ ሜዳ» የሚለው ስም ከመጫወቻነት አልፎ የሰፈር መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል፤ በአዲስ አበባ በዚሁ ስም የሚታወቅ ሰፈር አለ። «ስታዲየም» የሚባለው ደግሞ መቀመጫ፣ አጥርና መልበሻ ክፍል ያለው ሜዳ ነው። በአነስተኛ ከተሞች ግን በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ የታጠረ ሜዳም ስታዲየም ሲባል ይሰማል።

የብዙ ክለቦች ስም የመጨረሻ ቃል የሆነው «ከነማ» ከ«ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» የመጣ ምኅጻረ ቃል ነው። ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከነማ በዚህ መንገድ የተሰየሙ ናቸው። ስሙ ክለቡ የከተማው ሕዝብ ነው የሚለውን ሐሳብ ይዟል።

የመሬት አቀማመጥና የሜዳ እጥረት

የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆታ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዞኑ ተራራ፣ ገደልና ሸለቆ የበዛበት ሲሆን ወደ ተከዜ ወንዝ እየወረደ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ አገር ሰፊና ለጥ ያለ መሬት ማግኘት ቀላል አይደለም።

በእግር ኳስ ሕግ መሠረት የአንድ ሜዳ ርዝመት ከ90 እስከ 120 ሜትር፣ ስፋቱ ከ45 እስከ 90 ሜትር መሆን አለበት። የተለመደው 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ይህ በገበሬ አቆጣጠር ወደ ሦስት ጥማድ የሚጠጋ መሬት ነው። ለእርሻ፣ ለግጦሽ፣ ለገበያና ለመኖሪያ ቤት የሚፈለገውም ይኸው ለጥ ያለ መሬት ነው። ስለዚህ በደጋማ ከተሞች አንድ ሜዳ ለብዙ ጉዳይ ይውላል፤ የሰፈር ጨዋታዎችም ከሕጉ ባነሰ፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ጎን ባዘነበለ ቦታ ላይ ይካሄዳሉ። ቡድኖች ከዕረፍት በኋላ ጎል ሲቀያየሩ ቁልቁለቱም ይቀያየራል።

የአቀማመጡ ጥቅምም አለ። ከሜዳው ዳር የሚነሳ ተረተር ያለ ምንም ወጪ የተመልካች መቀመጫ ይሆናል። ከፍታው በጨዋታው ላይም ተጽእኖ አለው፤ በ2,200 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ ከቆላ የመጣ ተጫዋችም ቶሎ ይደክመዋል። በክረምት ሜዳው ጭቃና ሣር ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ሣሩ ደርቆ አቧራና ጠጠር ይወጣል።

ከእግር ኳስ በፊት የነበረው ሜዳ

በደጋው አገር ሰፈር ከሰፈር የሚገጥምበት ሜዳ ከእግር ኳስ ይቀድማል። በገና በዓል፣ ታኅሣሥ 29 ቀን አካባቢ የሚካሄደው የገና ጨዋታ ጫፉ በቆለመመ በትር «ሩር» የምትባለውን ኳስ እየመቱ ወደ ተቃራኒ ወገን ወሰን የሚያደርሱበት ነው። ወገኖቹ በሰፈር፣ በመንደር ወይም በአጥቢያ ይከፈላሉ፤ የተጫዋቹ ቁጥርም ሆነ የሜዳው ወሰን በስምምነት ይወሰናል። በዚያ ዕለት ባለሥልጣንም ሆነ ባለጸጋ በቀልድና በስድብ ግጥም ቢነካ አይቆጣም የሚል ልማድ አለ። ይህ ልማድ ለሜዳ የተለየ ነጻነት የሰጠ ሲሆን፣ የዛሬው ደጋፊ ዳኛንና ተጫዋችን በቀልድ የሚሸነቁጥበት ጠባይም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሌላው የሜዳ በዓል ሻደይ ነው። የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ከነሐሴ 16 እስከ 21 ድረስ የዋግ ልጃገረዶች «ሻደይ» የሚባለውን ረጅም ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ በቡድን እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። በዓሉ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ዋናው ትዕይንት ግን ብዙ ሰው ሊሰበሰብበት በሚችል ክፍት ቦታ ይካሄዳል። ወንዶች በገናና በኳስ የሚይዙትን ሜዳ በእነዚህ ቀናት ሴቶች ይይዙታል።

ሕዝቡን የሚስበው ምንድን ነው?

በሰፈርና በወረዳ ደረጃ የሚደረግ ጨዋታ ከቴሌቪዥኑ ጨዋታ ጋር በጥራት አይወዳደርም። ሰውን ወደ ሜዳ የሚያመጡት ሌሎች ምክንያቶች ናቸው።

መተዋወቅ፦ ተመልካቹ ተጫዋቹን በስሙ ብቻ ሳይሆን በአባቱ ስም፣ በሰፈሩና በትምህርት ቤቱ ያውቀዋል። ግብ ጠባቂው የጎረቤት ልጅ፣ አጥቂው የትምህርት ቤት መምህር ሊሆን ይችላል። ድሉም ሽንፈቱም በማግስቱ በገበያና በቡና ላይ ይወራል።

ዋጋ፦ መግቢያው ብዙውን ጊዜ ነጻ ነው ወይም አነስተኛ ነው። ለትራንስፖርትና ለማደሪያ ወጪ የለም። ስለዚህ ሕፃናትና አቅም የሌላቸው ሰዎችም ይገኛሉ።

ገበያ፦ ጨዋታ ባለበት ቀን ቆሎ፣ ሻይ፣ ሸንኮራና እሸት የሚሸጡ ሰዎች በሜዳው ዳር ይቀመጣሉ። ገቢው ትንሽ ቢሆንም በቀጥታ ለከተማው ነዋሪ የሚደርስ ነው።

ተስፋ፦ በድንጋይ ጎልና በጨርቅ ኳስ የጀመረ ልጅ ለትምህርት ቤቱ፣ ከዚያም ለወረዳና ለዞን ተመርጦ ሊጫወት የሚችለው በዚሁ ሜዳ ላይ ሲታይ ነው።

የሰፈር ውድድሮች የሚበዙት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ነው። ከሌላ ከተማ የሚማሩ ወጣቶች ወደ ቤታቸው ስለሚመለሱ ቡድኖች ይጠናከራሉ። ወጪው በመዋጮ ይሸፈናል፤ ሽልማቱ ዋንጫ፣ ማልያ ወይም አንዳንዴ በግ ነው።

የሊግ እርከኖችና የክልሉ ስታዲየሞች

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከሥሩ ከፍተኛ ሊግና አንደኛ ሊግ ሲኖሩ፣ ከእነዚህ በታች የክልልና የዞን ውድድሮች ይገኛሉ። አንድ የአነስተኛ ከተማ ቡድን ወደ ላይ የሚወጣው እነዚህን እርከኖች አንድ በአንድ አልፎ ነው።

በአማራ ክልል በስፋት የሚታወቁት ስታዲየሞች የባሕር ዳር ስታዲየም፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ ስታዲየምና በወልድያ የሚገኘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ናቸው። የመጨረሻው በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ወልድያ የሰሜን ወሎ ዋና ከተማ በመሆኗ ስታዲየሙ ለዋግ ኽምራም በአንጻራዊነት ቅርብ ከሆኑት ትላልቅ የስፖርት ስፍራዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የከተማው ክለብ በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መጨረሻ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። በዚህም ምክንያት ስታዲየሙ ግዙፍ ግንባታ ከዝቅተኛ ሊግ ጋር የተገናኘበት ምሳሌ ሆኗል።

የባሕር ዳር ስታዲየም ከዚህ የተለየ ታሪክ አለው። ግንባታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅ ብሔራዊ ቡድኑን ማስተናገድ ጀመረ። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈችው በዚሁ ሜዳ ነው። የከተማዋ ክለብ ባሕር ዳር ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው ከዚያ በኋላ፣ ለ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው።

የደጋፊ ባህል መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰው ግን የ1954፣ የ1960 እና የ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎችን ያስተናገደው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ሕዝቡ ለመቀመጫ ክፍሎቹ «ካታንጋ»፣ «ሚስማር ተራ»፣ «ከማን አንሼ» እና «ጥላ ፎቅ» የሚሉ ስሞች አውጥቶላቸዋል።

የጨዋታዎች ከከተሞች መራቅ

በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በሜዳና ከሜዳ ውጭ የመጫወት ሥርዓቱን ትቶ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመረ። የዚያ ዓመት ጨዋታዎች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተደረጉ። ለለውጡ ምክንያት የሆኑት የኮሮና ወረርሽኝና የቴሌቪዥን ቀጥታ ስርጭት ናቸው። ስርጭቱ ለክለቦች ገቢ አስገኝቷል፤ ሊጉም ከአገር ውጭ እንዲታይ አድርጓል።

በሌላ በኩል ብዙ ከተሞች የራሳቸውን ክለብ በራሳቸው ሜዳ የማየት ዕድል አጡ። ግልጽ ምሳሌው ፋሲል ከነማ ነው። ክለቡ በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያገኘው በዚሁ በ2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጎንደር ግን ከአስተናጋጅ ከተሞች መካከል አልነበረችም። ደጋፊው የሻምፒዮንነቱን ጉዞ በአብዛኛው በቴሌቪዥን ተከታተለ።

በብሔራዊ ቡድን ደረጃም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ኢትዮጵያ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን በባሕር ዳር ካስተናገደች በኋላ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአገሪቱ ስታዲየሞች መስፈርቱን አያሟሉም በማለቱ ከጋና ጋር የነበራትን የሜዳዋን ጨዋታ በኅዳር ወር በጆሃንስበርግ አደረገች። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈችውም በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ የጠበቀው ድል በሰው አገር ሜዳ ተገኘ።

ትላልቆቹ ጨዋታዎች በዚህ መልክ ሲርቁ በከተማው የቀረው የሰፈር፣ የትምህርት ቤትና የወረዳ ውድድር ነው። እነዚህ ጨዋታዎች በስርጭትም ሆነ በካፍ መስፈርት ስለማይወሰኑ ከሜዳቸው አይነሱም።

ግጭትና የመሬት ጥያቄ

አንድን ከተማ የሚያሰባስበው ስሜት ከሌላ ከተማ ጋር ሊያጋጭም ይችላል። በ2010 ዓ.ም. ወልድያ ከመቐለ ከተማ ጋር በሜዳው ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል። በወቅቱ የክለቦች ፉክክር ከክልሎች የፖለቲካ ውጥረት ጋር ተያይዞ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የትግራይ ክለቦች ለበርካታ ዓመታት ከሊጉ ውጭ ሆኑ። ዋግ ኽምራም ከትግራይ ጋር የሚዋሰንና ጦርነቱ የደረሰበት ዞን ነው።

ሁለተኛው ችግር መሬት ነው። ከተማ ሲሰፋ ክፍት ቦታ ለግንባታ ይፈለጋል። በአዲስ አበባ ጃን ሜዳ የጥምቀት በዓል፣ የፈረስ ግልቢያና የአገር አቋራጭ ሩጫ የሚካሄድበት ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር። ክፍት መሆኑ በችግር ጊዜ ለከተማው ጠቀመ፤ ነገር ግን ገበያው እስኪነሳና ሜዳው ለጥምቀት እስኪጸዳ ድረስ ብዙ ክርክር አስነስቷል። አነስተኛ ከተሞችም ክፍት ቦታቸውን በሚመለከት ተመሳሳይ ምርጫ ይገጥማቸዋል።

ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር

በአሜሪካ ከዋናው የቤዝቦል ሊግ በታች «ማይነር ሊግ» የሚባሉ እርከኖች አሉ። የእነዚህ ቡድኖች ስታዲየሞች አነስተኛ፣ በዋጋም ረከስ ያሉ በመሆናቸው ለአነስተኛ ከተሞች የቤተሰብ መዝናኛ ናቸው። በሮድ አይላንድ ግዛት በፖታኬት ከተማ የነበረው የማኮይ ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. በሙያዊ ቤዝቦል ታሪክ ረጅሙን፣ 33 ዙር የፈጀውን ጨዋታ አስተናግዷል። ጨዋታው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲቋረጥ በሜዳው የቀሩት ተመልካቾች 19 ብቻ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ዋናው ሊግ ከሥሩ ያሉትን ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ሲቀንስ ብዙ ከተሞች ከሊጉ ጋር የነበራቸው ትስስር ተቋረጠ። የፖታኬት ቡድንም በዚያው ዓመት አዲስ ስታዲየም ወደተሠራባት ወደ ዉስተር ተዛወረ፤ የማኮይ ስታዲየም ከጊዜ በኋላ ፈረሰ።

ሁለቱ አገሮች በሀብትና በስፖርት ዓይነት ቢለያዩም፣ በሁለቱም ቦታ ቡድኑ የት እንደሚጫወት የሚወሰነው ከከተማው ውጭ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ለቤዝቦል ብቻ የተሠራ ስታዲየም ቡድኑ ሲሄድ ሥራ ያጣል፤ የገና ጨዋታ፣ የሻደይና የሰፈር ኳስ የሚካሄድበት የደጋ ሜዳ ግን ክለብ ባይኖረውም ሰው አያጣም።