ስኳሯን ያበዛችው አስተናጋጅ

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን «ሰደን ኢምፓክት» ያየ ሰው የቡና ቤቱን ትዕይንት አይረሳውም። ክሊንት ኢስትዉድ የሚጫወተው መርማሪ ለዓመታት ቡናውን ያለ ስኳር የጠጣ ደንበኛ ነው። ያን ቀን ግን አስተናጋጇ ሎሬታ ስኳሩን ዝም ብላ ታንቆረቁርለታለች። እሱ ጋዜጣው ላይ አቀርቅሯልና ልብ አላለም። ውጭ ወጥቶ ፉት ሲል እንትፍ አለው፤ ነገሩ የገባውም ያኔ ነው። ቤቱን ዘራፊዎች ይዘውታል። ተመልሶ ገባ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ የቀረው አንድ ዘራፊም ሎሬታን አንቆ ሽጉጡን ጭንቅላቷ ላይ ደገነ። መርማሪው እዚያ ላይ የወረወራትን አጭር ዛቻ ፕሬዚዳንት ሬገን ሳይቀሩ በ1985 ግብር እንጨምር ባዮችን አስጠንቅቀውባታል።

ዛቻዋን ዓለም በቃሉ ይዟታል። የአስተናጋጇን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ማራ ኮርዴይ ትባላለች። በጥር 1930 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ስትወለድ ስሟ ሜሪሊን ጆን ዋትስ ነበር። ወደ ሙያው የገባችው በዳንስ ነው፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላት በሆሊዉድ ታዋቂው የኧርል ካሮል ቲያትር ትደንስ ነበር። የፎቶ ሞዴልነቱና ትናንሾቹ ሚናዎች ተከተሉ፤ ከዚያ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በኮንትራት ቀጠራት።

ዩኒቨርሳል በ1950ዎቹ የካውቦይ ፊልም በላይ በላዩ ያወጣ ነበር። በነዚያ ፊልሞች ለሴት የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው፦ ጀግናው የሚያገባት ጨዋ ልጅ አለች፣ የመጠጥ ቤቷ ሴት አለች። ጠቆር ያለ ፀጉርና ደፋር ዓይን ላላት ማራ ብዙ ጊዜ የደረሳት ሁለተኛው ነው። በ1954 ከኦዲ መርፊ ጋር «ድራምስ አክሮስ ዘ ሪቨር»ን፣ ከሮሪ ካልሁን ጋር «ዶውን አት ሶኮሮ»ን ሠራች። በ1955 ደግሞ ኪንግ ቪዶር ባዘጋጀውና ኪርክ ዳግላስ በመራው «ማን ዊዝአውት ኤ ስታር» ተሰለፈች።

ለእኔ ትልቁ ሥራዋ በ1956 የወጣው «ኤ ዴይ ኦፍ ፊውሪ» ነው። ማራ የምትጫወታት ሻርማን የከተማውን ማርሻል ልታገባ በተዘጋጀችበት ቀን ተኳሹ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ከተፍ ይላል። ማራ የሁለት ሰው ፍቅር የሚጎትታትን ሴት ያለ ብዙ ቃል በአቋቋሟና በአንገቷ አዟዟር ታሳየናለች። ሰውነቱን ማዘዝ የሚያውቅ ዳንሰኛ ብቻ የሚችለው ነገር ነው። እንዲህ ያለችውን ተዋናይት ስቱዲዮዎቹ ለአጃቢነትና ለግዙፍ ሸረሪት ፊልም ማዋላቸው ያስቆጫል።

በዚያው የሸረሪት ፊልም፣ በ1955ቱ «ታራንቹላ»፣ ፊቱ በጭንብል የተሸፈነ አንድ የጄት አብራሪ ብቅ ይላል፤ ኢስትዉድ ነው። ማራ በ1957 ተዋናዩን ሪቻርድ ሎንግን አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች፣ ከካሜራም ራቀች። ባሏ በ1974 በ47 ዓመቱ ሞተ። የጥንቱ አብራሪ አልረሳትም፤ በ1977 «ዘ ጋንትሌት» ላይ፣ ከዚያም በሌሎች ሦስት ፊልሞቹ ቦታ ሰጣት።

ማራ በየካቲት 2025 በ95 ዓመቷ አርፋለች። ያን ትዕይንት ዳግም ካያችሁት፣ ከሽጉጡ በፊት ስኳር የምታንቆረቁረውን እጅ እዩልኝ።